እንደ ቆሎ የሚቆረጠም ቆዳ፦ ከአንድ ተማሪ ጥያቄ እስከ ሐይቅ መጥበሻ



የዛሬውን ገለጻ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነበባችሁ ፈገግ ሳትሉ አልቀራችሁም። ስለ ቆዳ አጠባበስ ለመናገር አዳራሽ ማስከፈት ያስፈልጋልን? ርእሱን ስጽፍ እኔም ይህንኑ ራሴን ጠይቄአለሁ። ሆኖም ከርእሱ ጀርባ ለአንድ ተማሪ ያለብኝ ዕዳ አለ፤ ዕዳውንም በሰው ፊት እንደ ተበደርሁት ሁሉ በሰው ፊት ልከፍለው መረጥሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምግብ ኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ፕሮቲን በሙቀት እንዴት እንደሚለወጥ ሳስተምር፣ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ እጁን አወጣ። በስልኩ አንድ ተንቀሳቃሽ ምስል እንዳየ ነገረን። በምስሉ ላይ የአሳማ የሆድ ሥጋ ከነቆዳው ሲጠበስ ቆዳው እንደ ፈንድሻ ይፈካል፤ ቢላ ሲያርፍበትም ይንኮሻኮሻል። «ቆዳ ሲቀቀል ይለሰልሳል፤ እሳት ላይ ሲጣል ደግሞ እንደ ጠፍር ይደርቃል። እዚያ ግን ፈካ። ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከፊት የነበሩ አንዳንዶችም አፍንጫቸውን ያዙ። እኔም ሳቁን ተከትዬ «እርሱ የእኛ ምግብ አይደለም፤ ወደ ትምህርታችን እንመለስ» ብዬ አለፍሁት። ተማሪው እጁን አወረደ። እስከ መንፈቀ ዓመቱ ፍጻሜ ድረስም ዳግመኛ አላነሣም።

በዚያች ቅጽበት ሁለት ስሕተት ሠራሁ። የመጀመሪያው መመርመርንና መመገብን አንድ አድርጌ ማየቴ ነው። የመርዝን ባሕርይ የሚያጠና ሐኪም መርዝ ጠጪ አይባልም፤ ስለማንበላው ነገር ማወቅም ከመብላት ጋር አይቈጠርም። ሁለተኛው ስሕተቴ ይብሳል። ለተማሪው ጥያቄ የሚሆነው መልስ በሐይቅ ከተማ፣ ባደግሁበት ቤት፣ በአንድ የዓሣ መጥበሻ ውስጥ ነበር፤ እኔ ግን ልብ አላልሁትም። ዛሬ ያንን መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ።

አስቀድሜ ስለ ክልከላው አንድ ነገር ልበል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 አሳማ ሰኮናው ስንጥቅ ቢሆንም ስለማያመሰኳ ርኩስ ተብሏል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንም ይህን ሥርዓት እስከ ዛሬ ይጠብቃሉ። በቁርኣንም በሁለተኛው ምዕራፍ፣ በአል በቀራህ፣ የአሳማ ሥጋ ከተከለከሉት ተርታ ይገኛል። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጎን ለጎን በቆሙበት በወሎ፣ ሁለቱ ወገኖች ያለ አንዳች ክርክር ከሚስማሙባቸው ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው። እኔ ራሴ የአሳማ ሥጋ ቀምሼ አላውቅም፤ ዛሬም ቅመሱ ለማለት አልመጣሁም። የመጣሁት ቆዳው ለምን እንደሚፈካ ለመናገር ነው።

ከቻይና እስከ ፊሊፒንስና ዴንማርክ፣ የአሳማን የሆድ ሥጋ ከነቆዳው መጥበስ የታወቀ የቤት ሙያ ነው። ይህ የሥጋ ክፍል ከላይ ቆዳ፣ ከቆዳው ሥር ጮማ፣ ከጮማው ሥር ደግሞ ቀይ ሥጋና ጮማ እየተፈራረቁ የተነባበሩበት ነው። በቤት ምድጃ የሚሠሩት ሰዎች አካሄዳቸው በዝርዝር ይለያይ እንጂ በመሠረቱ ሦስት እርከን አለው። በመጀመሪያ ቆዳው በጨርቅ ይደርቃል፤ ሥጋውን ሳይነካ በመርፌ ይበሳሳል፤ ጨው ይታሻል፤ ከዚያም ሳይከደን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል። በማግስቱ በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሁለት ሰዓት ያህል ቀስ ብሎ ይበስላል። በመጨረሻ ሙቀቱ ወደ 230 ዲግሪ ከፍ ይልና ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ይቆያል፤ ቆዳው የሚፈካው በዚህ ጊዜ ነው።

ሦስቱ እርከኖች ለምን አስፈለጉ? ከውኃው በስተቀር የቆዳ አብዛኛው አካል ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ኮላጅን ሦስት ክሮች እንደ ገመድ ተገምደው የሚሠሩት ጠንካራ ነገር ነው። በሬ በጠፍር ቀንበር የሚጎትተው፣ ከበሮ ተመትቶ የማይቀደደው በዚህ ግምድ ብርታት ነው። ገመዱ እርጥበት ባለበት ለረጅም ጊዜ ሲሞቅ ግን ይፈታል፤ የተፈታው ኮላጅን ጄላቲን ይባላል። የበግ እግር ሲቀቀል አድሮ መረቁ ሲቀዘቅዝ እንደ እርጎ የሚረጋው ጄላቲን ስላለበት ነው። ስለዚህ የሁለቱ ሰዓት ዝግተኛ ሙቀት ተግባር ገመዱን መፍታት ነው። ይህ እርከን ቀርቶ ጥሬው ቆዳ ወዲያው ለብርቱ እሳት ቢሰጥ፣ ገመዱ ሳይፈታ ውኃው ያልቅና ቆዳው ተማሪዬ እንዳለው ጠፍር ይሆናል።

ገመዱ ተፈቶ ውኃው ሳይወጣ ቢቀር ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ውኃ ባለበት ሁሉ ሙቀት ከውኃው መፍያ ነጥብ ብዙም አያልፍም፤ የሚጨመረው እሳት በሙሉ ውኃን ወደ እንፋሎት በመለወጥ ያልቃል። ምግብን የሚያጠይመውና ያንን የታወቀ የጥብስ መዓዛ የሚሰጠው አጸግብሮት ግን በፍጥነት የሚካሄደው ወደ 140 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው። ይህን አጸግብሮት በ1912 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የገለጠው ሉዊ ካሚ ማያር የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነበር፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። የረጠበ ቆዳ ወደዚያ የሙቀት ደረጃ ሊደርስ አይችልም። ጨው መታሸቱ፣ ሳይከደን ማደሩ፣ በጨርቅ መጠረጉ ሁሉ ይህን ውኃ ለማስወገድ ነው።

ውኃው ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ ግን አይፈለግም። ጥቂት ይቀራል፤ የሚያፈካውም ያ ጥቂቱ ነው። ውኃ እንፋሎት ሲሆን መጠኑ ወደ 1700 እጥፍ ያህል ይሰፋል። በመጨረሻው ብርቱ ሙቀት፣ በደረቀው ቆዳ ውስጥ የቀረችው ጠብታ በድንገት እንፋሎት ትሆንና ለስላሳ የሆነውን ጄላቲን እንደ ፊኛ ትነፋዋለች፤ የተነፋውም ወዲያው ደርቆ በዚያው ቅርጹ ይቀራል። ቡና ሲፈላ በፊታችን የሚቀርበው ፈንድሻም የሚፈነዳው በዚሁ ሕግ ነው። በበቆሎው ፍሬ ውስጥ የታሰረው እርጥበት ቅርፊቱን ጥሶ ሲወጣ የለሰለሰውን ውስጡን ይነፋዋል። እርጥበቱ ከመጠን በላይ ያለቀበት በቆሎ አይፈነዳም፤ ሲበዛበትም በወጉ አይፈካም። ተማሪዬ በሩቅ አገር ምግብ ያየው ነገር በእናቱ የቡና ረከቦት አጠገብ በየዕለቱ የሚደረግ ነበር።

እንግዲህ ቆዳን እንደ ቆሎ እስኪቆረጠም መጥበስ፣ ስሙ ጥብስ ይሁን እንጂ፣ በዋናው ሥራው ማድረቅ ነው።

ቆዳን በማድረቅ ሙያ ደግሞ ሐይቅ እንግዳ አይደለችም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው እግር ሥር የተማሩበት ስፍራ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ ያበረከቱት ወንጌል፣ በ1280 ወይም በ1281 እንደ ጎርጎርዮስ የተመዘገበ ሲሆን፣ የተጻፈበት ዘመን ከታወቀ የኢትዮጵያ ጥንታዊ መጻሕፍት አንዱ ነው። የተጻፈው በብራና ላይ ነው፤ ብራና ደግሞ ቆዳ ነው። ብራና ፋቂው ቆዳውን በውኃ ይነክራል፤ ጠጉሩንና ሥጋውን ይፍቃል፤ በእንጨት ልጥጥ ላይ ወጥሮ በነፋስ ያደርቀዋል። ወደ እሳት ግን አያስጠጋውም፤ እርጥብ ቆዳ ሙቀት ሲነካው ይኮማተራልና። ኮላጅን የሚለውን ስም ሳይሰማ፣ ገመዱ እንዳይፈታ ውኃውን ብቻ ማስወጣት እንዳለበት ያውቃል። የአሳማ ጠባሹ መጀመሪያ ገመዱን ይፈታል፤ ብራና ፋቂው ገመዱን ይጠብቃል። ሁለቱም ውኃን ያስወጣሉ፤ አንደኛው የሚበላ፣ ሁለተኛው የሚነበብ ነገር ያገኛሉ።

በአገራችን ቆዳ በጠቅላላው የዚህ የሁለተኛው ወገን ነው። የበግ ቆዳ አጎዛ ይሆናል፤ የፍየል ቆዳ ስልቻና ብራና ይሆናል፤ የበሬ ቆዳ ጠፍርና ከበሮ ይሆናል። ዶሮ እንኳ ለወጥ ስትዘጋጅ ቆዳዋ ይገፈፋል። በወሎ ወጥ ቤት ከነቆዳው የሚጠበስና ቆዳው ተፈልጎ የሚበላ አንድ ነገር ቢኖር ዓሣ ነው። ወደ እናቴ መጥበሻ የሚወስደን መንገድም ይህ ነው።

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ስሟን ያገኘችበት ውኃ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ በጥልቁ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። በስተ ሰሜን የአምባሰል ተራሮች ይታያሉ። እናቴ የውኃው ዳር ልጅ ናት፤ አባቴ ደግሞ ከውጫሌ በላይ ካለው የአምባሰል ደጋ የወረደ ሰው ነበር። የአባቴ ዘመዶች ለገበያ ሲወርዱ ቤታችን ያርፉ ነበር፤ ዓሣ ሲቀርብላቸው ግን «ይሸታል» ብለው ወደ ሽሮው ያዘነብላሉ። አጎቴን ያስለመደው ሥጋው ሳይሆን ቆዳው ነበር። አንድ ቀን ከሳሕኑ ዳር የተሰበረች ቁራሽ አንሥቶ ቆረጠማትና «ይኸማ ቆሎ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ከደጋ ሲወርድ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዓሣ መኖሩን ሆነ።

የእናቴ አሠራር ይህ ነበር። ዓሣው በማለዳ ከጀልባ እንደ ወረደ ይገዛል፤ ቆሮሶ መሆን አለበት። በቢላ ጀርባ ከጅራቱ ወደ ጭንቅላቱ እየተገፋ ቅርፊቱ ይወጣል፤ ቆዳው ግን አይነካም። ሆድ ዕቃው ይወጣና ይታጠባል። ጎንና ጎኑ በስለት ሰያፍ ሦስት አራት ቦታ ይተለተላል፤ ይህም ጨው እንዲገባ፣ እንፋሎት እንዲወጣ፣ ቆዳውም ሲኮማተር ዓሣው እንዳይጠማዘዝ ያደርጋል። ጨው ከታሸ በኋላ በጅራቱ በገመድ ይታሰርና ነፋስ በሚመታበት ጥላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይንጠለጠላል። ጨው ውኃን ከውስጥ ወደ ላይ ይስባል፤ ነፋሱ የወጣውን ይወስዳል። በመጨረሻም በንጹሕ ጨርቅ ጠብ የሚል እስካይኖር ድረስ ይጠረጋል። ማቀዝቀዣ ያለው የውጭ አገር ጠባሽ በአንድ ሌሊት የሚሠራውን፣ የሐይቅ ነፋስ በግማሽ ሰዓት ያቃልለዋል፤ የዓሣ ቆዳ ስስ ነውና፣ ኮላጅኑም ከአሳማው ይልቅ በአነስተኛ ሙቀት ይፈታልና።

ዘይቱ ዓሣውን ቢያንስ እስከ ወገቡ የሚያሰምጥ መሆን አለበት። ሙቀቱን የምትለካው በእንጨት ማማሰያ ጫፍ ነበር፤ በእንጨቱ ዙሪያ አረፋ ሲርመሰመስ ደርሷል ማለት ነው። ዓሣው ከገባ በኋላ አይነካካም። ቆዳው መጀመሪያ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል፤ ደርቆ ሲጠነክር በራሱ ይለቃል። ሳይለቅ የሚያገላብጥ ሰው ቆዳውን መጥበሻው ላይ ትቶ ሥጋውን ብቻ ያነሣል። የሚገለበጠውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ጩኸቱ ሲበርድ አውጡት» ትል ነበር። ይህን ንግግር የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ሳልፍ ነው። የሚጮኸው ዘይቱ አይደለም፤ እንፋሎት ሆኖ የሚወጣው ውኃ ነው። ጩኸቱ ሲበርድ ከቆዳው የሚወጣው ውኃ አልቋል። እናቴ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ አልነበራትም፤ ጆሮ ነበራት።

እዚህ ላይ የከፍታችንን ነገር ማንሣት ይገባል። ውኃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ሐይቅ ወደ 1900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በአምባሰል ደጋ፣ 3000 ሜትር በሚደርስ ስፍራ፣ 90 ዲግሪ ያህል ሲደርስ ይፈላል። የደጋ ሰው ባቄላውና ሥጋው በድስት ሲዘገይበት «ውኃው ሰነፍ ነው» ቢል እውነት አለው። ዘይት ግን በዚህ ሙቀት አይፈላም፤ ስለዚህ ድስቱ ያልቻለውን መጥበሻው ይችላል። ይሁን እንጂ ከዓሣው ውስጥ ያለው ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት እየተነነ ውስጡን ቀዝቀዝ አድርጎ ስለሚያቆየው፣ በባሕር ዳር አገሮች የተጻፈ የአጠባበስ መመሪያ እንዳለ ቢወሰድ ላዩ ቀድሞ ይጠቁራል። ስለዚህ መመሪያው 180 ዲግሪ ካለ እኛ ወደ 170 ዝቅ ብናደርገውና ጥቂት ደቂቃ ብንጨምር ይሻላል። ውስጡ በ63 ዲግሪ ይበስላል፤ ሥጋው በቀላሉ ከአጥንቱ ሲለቅ ደርሷል።

ከወጣ በኋላ የሚፈጸመው ስሕተት ብዙውን ልፋት ያጠፋል። ትኩስ ዓሣ እንዳይቀዘቅዝ ተብሎ ሲከደን፣ ከሥጋው የሚወጣው እንፋሎት ክዳኑ ላይ ውኃ ሆኖ ይመለስና ቆዳውን ያረጥበዋል። እርስ በርስ መደራረብም እንዲሁ ነው። እንጀራ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ እንጀራ ርጥብ ነው፣ ደረቁ ቆዳም እርጥበቱን እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። እናቴ ዓሣውን በወንፊት ላይ በሆዱ አቁማ ታጠነፍፈዋለች፤ እንጀራውና ዳቦው በጎን፣ ሎሚውና አዋዜው በየብቻ ይቀርባሉ። ሎሚም የሚጨመቀው በሥጋው እንጂ በቆዳው ላይ አይደለም።

እስካሁን የተናገርሁት የተማሪውን ጥያቄ ይመልሳል። ነገር ግን መጥበሻው የማን እንደ ነበር አልነገርኋችሁም።

ያ መጥበሻ የእናቴ ብቻ አልነበረም። ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት ጎረቤታችን ሙስሊም እናት ነበሩ። ሁለቱ ቤቶች ቡናውንም፣ ለቅሶውንም፣ ሠርጉንም አብረው ያደርሳሉ። ሥጋን በተመለከተ ግን በወሎ ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው ድስት ከድስት አይቀላቀልም። ክርስቲያን የባረከውን ሙስሊም አይበላም፤ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። ጋባዥ ለሌላው ወገን እንግዶች ከወገናቸው አራጅ ጠርቶ ሌላ በግ ያሳርዳል፤ በሌላ ዕቃ ያሠራል። ይህ ጥል ሳይሆን መከባበር ነው። ሆኖም በትልቁ ድግስ ቀን ሁለት ዳስ ይጣላል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል።

ዓሣ ግን አይታረድም። በእስልምና ሕግ የውኃ ታዳኝ ያለ ዕርድ የተፈቀደ ነው፤ በክርስቲያኑም ዘንድ በዓሣ ላይ የዕርድ ሥርዓት የለም። ስለዚህ እናቴና ጎረቤታችን ገንዘብ አዋጥተው አንድ የብረት መጥበሻ ገዙ። ሌላ ሥጋ ፈጽሞ አይነካውም። ቦታውም በእኛም በእርሳቸውም ወጥ ቤት ውስጥ አልነበረም፤ በአጥሩ ግንድ ላይ በተመታ ምስማር ይሰቀላል፤ የፈለገ አንሥቶ ይጠብሳል፣ አጥቦ ይመልሳል። አንዳንዱን ጊዜ ዘይቱ ከአንዱ ቤት፣ ዓሣው ከሌላው ይመጣል፤ የሁለቱም ቤት ልጆች ከአንድ ትሪ እንበላለን። በሐይቅ በሕይወቴ ከጎረቤቶቻችን ጋር አብሬ የበላሁት የሥጋ ምግብ ይህ ብቻ ነው። የምንጣላበትም ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ቆዳው ለማን ይድረስ የሚለው።

በዚህም ላይ ድንበር ነበረው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ኦሪት ደግሞ ከውኃ እንስሳት ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብቻ ስለፈቀደች ብዙ ክርስቲያን አምባዛን አይቀምስም። ጎረቤታችን ግን አምባዛ ይወዱ ነበር። አምባዛ በገዙ ቀን በራሳቸው ዕቃ ይጠብሱታል እንጂ የጋራውን መጥበሻ አያነሡም ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ራሳቸው ያደረጉት ነው። እኔ ስለ ሃይማኖት መቻቻል ብዙ ጉባኤዎችን ታድሜአለሁ፤ ከዚህ ምስማር ላይ ከሚሰቀል መጥበሻ የበለጠ ማስረጃ ግን አላየሁም።

ይህን ስትሰሙ የጥንት ባህል ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። ቆሮሶ ወደ ሐይቅ የገባው በሰው እጅ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ እንደ ጎርጎርዮስ ነው። እናቴ ይህን ሙያ ከእናቷ አልወረሰችውም፤ አያቴ ቆሮሶ ጠብሳ አታውቅምና። እናቴና ጎረቤታችን አንድ ላይ እየሞከሩ፣ እያሳረሩ፣ ቆዳው መጥበሻው ላይ እየቀረባቸው የደረሱበት ዕውቀት ነው። ማንጠልጠሉን የጀመሩት ጎረቤታችን ናቸው፤ ጩኸቱን ማድመጥ የጀመረችው እናቴ ናት። ባህል በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሊወለድ እንደሚችል ከዚህ ተምሬአለሁ። እንግዲያው በአንድ ትውልድ ዕድሜም ሊጠፋ ይችላል።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ቆሮሶው የመጣው ያለ ዋጋ አልነበረም፤ የውኃ ተመራማሪዎች ዓሣው ከገባ ወዲህ የሐይቁ ውኃ ቀድሞ የነበረውን ጥራት እንዳጣ መዝግበዋል። ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ከየተራራው ዳገት በጎርፍ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ በዚያው ይቀራል። ባለፈው ክረምት ወደ ሐይቅ ሄጄ ዓሣ ስገዛ የቀረበልኝ ከመዳፌ የማይበልጥ ነበር። እናቴ ዛሬ አርጅታለች፤ ዓሣውን አይታ «ይኸ ገና አልወለደም» አለችኝ። ጠበስሁት። በእንዲህ ያለ ትንሽ ዓሣ ላይ ቆዳው ደርቆ ከመጠንከሩ በፊት ሥጋው ያልቃል፤ ጩኸቱ ሳይበርድ ጅራቱ ያርራል። ዘዴውን አንድ ሳላጎድል ፈጽሜ፣ የሚቆረጠም ቆዳ አላገኘሁም። ስለ ሐይቁ የቀረበ ማናቸውም ሪፖርት ሳይደርሰኝ መጥበሻው ነገረኝ፤ መረቡ ጠቧል፣ ዓሣው ሳይራባ እየወጣ ነው።

ዓሣው ቢጠፋ የሚጠፋው ፕሮቲን ብቻ አይሆንም። በግ አለ፣ ዶሮ አለ፣ ጥራጥሬ አለ፤ የሐይቅ ሰው በረኀብ አይሞትም። የሚጠፋው ሁለቱ ቤቶች ያለ ጥያቄ ከአንድ ዕቃ የሚበሉት ሥጋ ነው። አሳማን ሁለቱም ባለመብላታቸው ተስማምተዋል፤ በጉን በየብቻ ይበሉታል፤ አብረው የሚበሉት ቆሮሶን ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎች ሦስት ሥራ ትቼ ልሂድ። የዓሣ ሀብት የምታጠኑ፣ የመረቡን ዐይን ስፋትና የሚወጣውን ዓሣ ርዝመት በየወሩ ለኩ፤ ከአጥማጆቹ ጋር ሆናችሁ እንጂ በላያቸው ቆማችሁ አይሁን፤ ኑሯቸው በዚያ ላይ ነውና። የምግብ ሳይንስ የምታጠኑ፣ በየከፍታችን የሚስማማውን የአጠባበስ ሙቀትና ጊዜ ሠርታችሁ በአማርኛ ጻፉት፤ ለባሕር ዳር አገር የተጻፈ ቁጥር እየገለበጥን መኖር አይገባንም። ታሪክና ባህል የምታጠኑ ደግሞ ወደ ወጥ ቤት ግቡ። ብራናውን ማንበብ ተምረናል፤ መጥበሻውን የሚያነብልን ግን እስካሁን አላገኘንም፤ አንባቢዎቹም እያረጁ ናቸው።

ለዚያ ተማሪ የምለው ቀርቶኛል። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ይኑር አይኑር አላውቅም። ቢኖር መልሱ ይህ ነው፤ ቆዳው የሚፈካው ገመዱ አስቀድሞ ስለ ተፈታ፣ አብዛኛው ውኃ ስለ ወጣ፣ የቀረው ጥቂትም በብርቱ ሙቀት ድንገት ስለ ተነነ ነው። ጥያቄህ የትምህርታችን ጥያቄ ነበር፤ ከትምህርቱ የወጣሁት እኔ ነበርሁ። መጥበሻው አሁንም በአጥሩ ግንድ ላይ ተሰቅሏል። ጎረቤታችን ዐርፈዋል፤ ልጃቸው ግን ዓሣ ባገኘች ቀን ታነሣዋለች፣ ለእናቴም ትልክላታለች። እናቴ ጥርስ የላትም፤ ቆዳውን ለልጅ ልጆቿ ታካፍላለች፤ ሲቆረጥሙትም ታደምጣለች።